ውኃው ሲደፈርስ ቀድማ የምታየው

ውኃ የምትቀዳ ሴት ወንዟን እንደ ልጇ ፊት ታውቀዋለች። ቀለሙ ሲለወጥ፣ ሽታው ሲከፋ፣ ዳሩ ሲቦረቦር፣ ዓሣው ሲሸሽ ከማንም በፊት የምታየው እርሷ ናት። ትናንት ኩል መስሎ ያደረው ውኃ ዛሬ ጭቃ ለብሶ ሲወርድ ብታገኘው፣ «ላይ አገር ዝናብ ጥሎ ይሆን? ወይስ የሰው እጅ ገብቶበት?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱንም ብዙ ጊዜ ከራሷ ታገኘዋለች፤ የዝናብ ድፍርስና የቁፋሮ ድፍርስ ለለመደ ዓይን አንድ አይደሉምና።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያየችውን ከእንስራዋ ጋር ተሸክማ ቤቷ ትገባለች። ለጎረቤቷ ታወራለች፣ ለባሏ ትነግራለች፤ ነገሩ ግን ከዚያ አያልፍም። ሸንጎ ተቀምጦ «አስረጂሽ የት አለ?» ተብላ ብትጠየቅ በእጇ የያዘችው ነገር የለም። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጭምር ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዛሬው ዓምዳችን ያዩትን መዝግበው፣ የመዘገቡትን አስረጂ አድርገው፣ በአስረጂያቸውም ደናቸውንና ወንዛቸውን ከጥፋት ስላዳኑ ሰዎች እናወጋለን። ቦታው ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ደን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አማዞን የት? የኛ ማጀት የት?» የምትል እኅት ትኖር ይሆናል። እንዲህ ያለችው እኅታችን ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ብታነበው፣ የተወራው ስለ ሩቅ ደን ብቻ ሳይሆን ስለ መጠጥ ውኃ፣ ስለ ልጅ ጤናና «ይህ የሴት ሥራ ነው፣ ያ የወንድ ሥራ ነው» ስለሚባለው አሮጌ ክፍፍል መሆኑን ትረዳዋለች ብለን እናምናለን።

የአማዞን ደን ስምንት አገሮችንና የፈረንሳይ ጊያናን የሚያዳርስ፣ ስፋቱም የኢትዮጵያን አምስት እጥፍ ያህል የሚሆን ታላቅ ደን ነው። በካርታ ላይ ስናየው ሰው የማይኖርበት አረንጓዴ ባሕር ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በደኑ ውስጥ ከ400 በላይ የሆኑ ነባር ሕዝቦች ይኖራሉ። እነዚህ ሕዝቦች በየቋንቋቸው ለየዛፉ፣ ለየወንዙ፣ ለየዓሣው ስም አውጥተው፣ የሚታደንበትንና የማይታደንበትን ወቅት ለይተው ለብዙ ትውልድ ኖረውበታል። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» እንደሚባለው ደኑን ከእነርሱ የበለጠ አውቃለሁ የሚል ሰው መኖሩ ያጠራጥራል።

ከነዚህ ሕዝቦች አንዱ ኮፋን የሚባለው ነው። ኮፋኖች በኢኳዶርና በኮሎምቢያ ወሰን አካባቢ ይኖራሉ። በሰሜን ምሥራቅ ኢኳዶር፣ በሱኩምቢዮስ ክፍለ ሀገር፣ የአንዲስ ተራሮች ወደ ቆላው በሚወርዱበት ግርጌ፣ አጓሪኮ በተባለው ወንዝ አጠገብ ሲናንጎዌ የምትባል የኮፋኖች መንደር አለች። ነዋሪዎቿ 200 ያህል ብቻ ናቸው። ቁጥራቸው አንድ መለስተኛ ዕድር እንኳ አይሞላም።

የሲናንጎዌ ሰዎች ጥፋት እንዴት እንደሚመጣ ከወገኖቻቸው ታሪክ ተምረዋል። በ1967 ከመንደራቸው ቁልቁል፣ በኮፋኖች ምድር ላይ፣ ላጎ አግሪዮ በተባለው ስፍራ ነዳጅ ዘይት ተገኘ። ከነዳጁ ጋር መንገድ መጣ፤ በመንገዱም ሠፋሪ ገባ፤ ደኑ ተመነጠረ። ከጉድጓዱ የሚወጣው የተበከለ ውኃ ወደ ወንዝና ወደ ክፍት ጉድጓድ ይደፋ ነበር። ከዚያ አካባቢ ብዙ ኮፋኖች የአባቶቻቸውን ቦታ ለቀው ለመሄድ ተገደዱ። ቁልቁል ያሉት ወገኖቻቸው የደረሰባቸውን ያዩት የሲናንጎዌ ሰዎች ሽቅብ ያለው የወንዙ ራስ እንዲነካ አልፈለጉም።

ነገር ግን «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው»። ወደ ክልላቸው በየጊዜው አዳኝ ይገባል፤ እንጨት ቆራጭ ይገባል፤ ዓሣ አጥማጅ ይገባል፤ ወርቅ አጣቢም ይገባል። አንዱን ሲያባርሩ ሌላው ይተካል። ለባለሥልጣን አቤት ቢሉም አቤቱታው በቃል ብቻ ስለነበረ የሚጨበጥ መልስ አላገኙም። በመሆኑም በ2017 መንደሪቱ ተሰብስባ መከረች። ስለ ክልላቸው አጠባበቅ የራሳቸውን ደንብ አወጡ፤ ደንቡን የሚያስከብር የጥበቃ ጓድም አቋቋሙ።

ጥበቃው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ጓዱ በእግርና በታንኳ ክልሉን ይዞራል። አባላቱ በእጃቸው የያዙት የአባቶቻቸውን ጦር ነው፤ ከጦሩ ጋር ግን ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ። ያሉበትን ቦታ በትክክል የሚያመለክተውን ጂ.ፒ.ኤስ. ይይዛሉ። እንስሳ ወይም ሰው ሲያልፍ በራሳቸው ፎቶግራፍ የሚያነሡ ካሜራዎችን በዛፍ ላይ ያስራሉ። በእግር ሊደረስበት የማይቻለውን ሸለቆ ሰው በሌለባት ትንሽ አውሮፕላን፣ ማለትም በድሮን፣ ከላይ ሆነው ይቃኛሉ። የተቆረጠ ዛፍ፣ የአዳኝ ጎጆ፣ የተጣለ የጄሪካን ዘይት፣ የተቆፈረ ዳር ሲያገኙ ፎቶግራፉን፣ ቦታውንና ቀኑን ይመዘግባሉ። ወደ መንደር ሲመለሱም ያገኙትን ለጉባኤ ያቀርባሉ፤ የሚደረገውን ነገር የሚወስነው ጉባኤው ነው። እንግዲህ ሥራው በሦስት ቃል ሊነገር ይችላል፤ መቃኘት፣ መመዝገብ፣ ተመካክሮ መወሰን።

በዚህ ጓድ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ሴት አልነበረችም። ቀድማ የገባችው አሌክሳንድራ ናርቫኤዝ የተባለች ወጣት እናት ናት። «የጥበቃ ሥራ የወንድ ነው፤ ሴት ልጅ ቤቷን ትይ» የሚል ነቀፋ ደርሶባታል። እርሷ ግን አልተመለሰችም። ከእርሷ በኋላ ሌሎች ሴቶችም ተከተሉ። ወይዘሮ አሌክሳንድራ የመንደሩን የሴቶች ማኅበር በመምራትም የታወቀች ናት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሴት በጥበቃው መግባቷ ለእኩልነት ሲባል ብቻ የተደረገ የደግነት ሥራ ነውን? አይደለም። ወንዙን በየቀኑ የምታየው እርሷ ናት። ልጆቿን በዚያ ውኃ የምታጥበው፣ ዓሣውን የምታበስለው፣ የመድኃኒቱን ቅጠል ከየት እንደምትቀጥፍ የምታውቀው እርሷ ናት። እርሷን ያልጨመረ ጥበቃ ግማሽ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

በጃንዋሪ 2018 የጥበቃው ጓድ ወደ ወንዙ ራስ ሲቃኝ ያልጠበቀውን ነገር አገኘ። በአጓሪኮ ዳር ከባድ የአፈር መዛቂያ መኪናዎች ቆመው ወንዙን ይቆፍራሉ፤ ደኑ ተመንጥሯል፤ ቁፋሮው ወርቅ ፍለጋ ነው። ጉዳዩን ሲከታተሉትም ሌላ ነገር ተገለጠ። መንግሥት ለካ በአካባቢው 20 የወርቅ ማውጫ ፈቃዶችን ሰጥቷል፤ ሌሎች 32 ደግሞ በሂደት ላይ ነበሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን የሲናንጎዌን ሰዎች «ምን ትላላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። የኢኳዶር የ2008 ሕገ መንግሥት ግን በነባር ሕዝቦች ምድር ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሕዝቡ ሊጠየቅ እንደሚገባው በግልጽ ይደነግጋል። ያው ሕገ መንግሥት ተፈጥሮ ራሷ መብት እንዳላት በመደንገግም ከዓለም የመጀመሪያው ነው።

የወርቅ ቁፋሮ ለቤተሰብ ጤና ለምን እንደሚያሰጋ እናቶች ሊያውቁት ስለሚገባ ጥቂት እናብራራ። በብዙ የአማዞን ወንዞች ወርቅ የሚፈልጉ ሰዎች የወርቁን ብናኝ ከአሸዋው ለመለየት ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ የተባለውን ፈሳሽ ብረት ይጠቀማሉ። ባዜቃው ከወርቁ ብናኝ ጋር ይጣበቃል፤ በእሳት ሲሞቅ ባዜቃው ተኖ ወርቁ ይቀራል። የተነነው ወደ አየር፣ የፈሰሰው ወደ ወንዝ ይሄዳል። በወንዙ ውስጥ ጥቃቅን ነፍሳት ወደ ባሰ መርዝ ይለውጡታል። መርዙ በትንንሽ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል፤ ትንንሹን ትልቁ ሲበላው ደግሞ እየበዛ ይሄዳል። በመጨረሻም ከሰው ማዕድ ይደርሳል። መርዙ በዓይን አይታይም፤ በምላስም አይታወቅም። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው በማሕፀን ያለውን ልጅና ሕፃናትን ነው፤ አእምሮንና የነርቭ ሥርዓትን ያጠቃልና።

ይህ በወሬ የተሰማ ነገር አይደለም። በጃፓን ሚናማታ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ቆሻሻ ወደ ባሕሩ ሲለቅ ኖሮ፣ በ1956 በሽታው በይፋ ተገለጠ። ብርቱ የሕመም ምልክት ያልታየባቸው እናቶች እንኳ ብርቱ ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ወልደዋል። ስለ ሜርኩሪ አጠቃቀም በ2013 የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስሙን ያገኘው ከዚህችው ከተማ ነው። እንግዲህ የሲናንጎዌ እናት ለወንዟ ስትሟገት የምትሟገተው ገና ላልተወለደው ልጅም ጭምር መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። መንደሪቱ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደችው። በዚህ ጊዜ ግን እንደ ቀድሞው በባዶ እጅ አልነበረም የሄዱት። ቁፋሮውን የሚያሳይ ከድሮን የተነሣ ፊልም ነበራቸው፤ ፎቶግራፍ ነበራቸው፤ የየቦታው መለኪያና ቀን የሰፈረበት መዝገብ ነበራቸው፤ የሳተላይት ሥዕልም ነበራቸው። ወይዘሮ አሌክሳንድራና አሌክስ ሉሲታንቴ የተባለው ሌላው የኮፋን ወጣት ጉዳዩን ከፊት ሆነው መሩት። በጁላይ 2018 የአካባቢው ፍርድ ቤት የሕዝቡ የመጠየቅ መብት መጣሱን ፈረደ። ጉዳዩ በይግባኝ ወደ ክፍለ ሀገሩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ እርሱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ከመጀመሪያው የሚሰፋ ፍርድ ሰጠ። 52ቱም የወርቅ ፈቃዶች እንዲሰረዙ ተወሰነ። በዚህም ከ30 ሺህ ሄክታር የሚበልጥ ደን ከቁፋሮ ዳነ።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለሌሎችም ምሳሌ ይሆን ዘንድ መረጠው። በኖቬምበር 2021 ዳኞቹ ከዋና ከተማው ተነሥተው ወደ ሲናንጎዌ ሄዱ፤ ችሎቱን የተቀመጡት በመንደሪቱ ውስጥ ነበር። የኢኳዶር ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በነባር ሕዝቦች ምድር ላይ ችሎት ሲቀመጥ ያ የመጀመሪያው ነው። በጃንዋሪ 2022 በተሰጠው ፍርድም ሕዝብን መጠየቅ ለይስሙላ የሚደረግ ነገር ሳይሆን ፈቃዱን ለማግኘት የሚደረግ መሆን እንዳለበት ተወሰነ። ፍርዱ ሕዝቡ ሁሉንም ነገር ፈጽሞ እንዲከለክል ሥልጣን አልሰጠውም፤ ይሁን እንጂ መንግሥት እንዳሻው ሊያልፈው የማይችል ብርቱ ግንብ አቁሟል። በዚያው ዓመት አሌክሳንድራና አሌክስ ለተፈጥሮ ተሟጋቾች የሚሰጠውን የጎልድማን ሽልማት ተቀበሉ።

ሲናንጎዌ ብቻዋን አይደለችም። በዚያችው በኢኳዶር፣ በፓስታሳ ክፍለ ሀገር የሚኖሩት ዋኦራኒዎች ምድራቸው ለነዳጅ ፍለጋ በጨረታ ሊቀርብ መሆኑን ሲያውቁ ካርታ መሥራት ጀመሩ። የመንግሥቱ ካርታ ምድራቸውን በቁጥር የተለየ አንድ ቁራሽ መሬት አድርጎ ነበር የሚያሳየው። እነርሱ ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጋር በየጫካው ዞረው የአደን መንገዱን፣ የዓሣ ማጥመጃውን፣ የመድኃኒቱን ዛፍ፣ የቀድሞውን መንደር፣ የቀብሩን ስፍራ አንድ በአንድ በካርታው ላይ አሰፈሩ። ባዶ የተባለው ምድር ሙሉ ሆኖ ታየ። በ2019 ፑዮ በተባለች ከተማ በተሰየመው ችሎትም አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ተገኙ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ፍርድ ቤቱ ለዋኦራኒዎች ፈረደ። ከመሪዎቻቸው አንዷ የነበረችው ነሞንቴ ኔንኪሞ የተባለች እናት ናት።

«ይህ ሁሉ ልፋት በእርግጥ ደንን ያድናልን?» ለሚል ጠያቂ ከፔሩ የተገኘ መልስ አለ። በፔሩ ሎሬቶ ክፍለ ሀገር በ76 የነባር ሕዝቦች መንደሮች ሙከራ ተደርጎ ነበር። መንደሮቹ በዕጣ ተለዩ፤ ገሚሶቹ ልዩ የጥበቃ ትምህርት ተሰጣቸው፤ የቀሩት እንደ ወትሯቸው ቆዩ። የተመረጡት መንደሮች ሳተላይት ከሰማይ ያየውን የደን ምንጣሮ ምልክት ይቀበላሉ። ኢንተርኔት በሌለበት መንደር መረጃው በትንሽ ፍላሽ ተቀድቶ በጀልባ ይላክላቸዋል። የሠለጠኑት ቀኚዎች በስልካቸው ካርታ እየተመሩ ወደ ቦታው ይሄዳሉ፤ ያዩትን መዝግበው ለመንደሩ ጉባኤ ያቀርባሉ። ለሚቀኙበት ጊዜ አበልም ይከፈላቸዋል። በ2021 በወጣው ጥናት እንደተገለጸው፣ በነዚህ መንደሮች የደን ውድመቱ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር በመጀመሪያው ዓመት በ52 በመቶ፣ በሁለተኛው ዓመት በ21 በመቶ ቀነሰ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ማነሱ ጥበቃ የአንድ ሰሞን ዘመቻ ሊሆን እንደማይገባው ያስታውሰናል።

በዚህ ሥራ የሚከፈለውን ዋጋ ሳንጠቅስ ብናልፍ ግን እውነቱን ግማሽ አድርገን መተው ይሆንብናል። በፔሩና በብራዚል ወሰን ላይ ሳዌቶ የምትባል የአሻኒንካ ሕዝቦች መንደር አለች። መሪዋ ኤድዊን ቾታ በሕገ ወጥ መንገድ ዛፍ የሚቆርጡትን ሰዎች ፎቶግራፍ ያነሣ፣ የግንዱን ምልክትና የቦታውን መለኪያ ይመዘግብ፣ ለባለሥልጣኖች ያመለክት ነበር። ለመንደሩ የመሬት ባለቤትነት ማረጋገጫም ከአሥር ዓመት በላይ ደጅ ጠንቷል። ሕይወቱ አደጋ ላይ መሆኑን ደጋግሞ ቢያስታውቅም ጥበቃ አላገኘም። በሴፕቴምበር 2014 ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በጫካ ውስጥ ተገደለ።

ከሟቾቹ ኋላ የቀሩት ሚስቶችና ልጆች ናቸው። ሐዘን ተቀምጠው መቅረት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ለቀናት በጀልባ ተጉዘው ፑካልፓ ከተባለችው ከተማ ደረሱና አቤት አሉ። ባሎቻቸውና አባቶቻቸው የጀመሩትን የመሬት ጥያቄ ወረሱት። በ2015 መንደሪቱ ወደ 80 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት የባለቤትነት ማረጋገጫ ተቀበለች። የግድያው ክስ ግን ቀላል አልነበረም። በ2023 የተሰጠው የጥፋተኛነት ፍርድ በዚያው ዓመት ተሽሮ፣ ተከሳሾቹ ዳግመኛ ጥፋተኞች የተባሉት በ2024 ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ከችሎት ችሎት የተንከራተቱት እነዚያው ሴቶች ናቸው። «መዝግቡ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ የመዘገበውን ሰው መጠበቅ ግን የመንግሥትና የሕግ ዕዳ ነው። ይህ ዕዳ በሳዌቶ በወቅቱ አልተከፈለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በአገራችን ደቡብ ምዕራብ፣ በከፋ፣ በሸካ፣ በያዩ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ የዝናብ ደን አለን። ዓለም የሚጠጣው ቡና በዱር የሚበቅልበት ደን ይህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ የከፋንና የያዩን ደን በ2010፣ የሸካን ደን ደግሞ በ2012 በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስፍሯቸዋል። በዚያ የሚኖረው ሕዝብ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል፤ ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይለቅማል፤ የማይቆረጥ ዛፍና የማይደፈር ቦታ ለይቶ ኖሯል። በቦንጋ አካባቢ ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር በውል ደኑን እንዲጠብቅና እንዲጠቀም የሚያደርገው አሠራር፣ አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው፣ ሲሠራበት ቆይቷል።

ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። በብዙ ቦታ የማኅበሩ አባልነት የሚመዘገበው በቤተሰቡ ኀላፊ ስም ነው፤ የቤተሰቡ ኀላፊ ተብሎ የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው። ቡናውን የምትለቅመው፣ ኮረሪማውን የምታደርቀው፣ ከምንጩ የምትቀዳው፣ የማገዶው እንጨት ዛሬ ከትናንት ይልቅ ስንት እርምጃ እንደራቀ በእግሯ ቆጥራ የምታውቀው ሴት ግን በስሟ አትገኝም። ስብሰባ ሲጠራ የሚጠራው እርሱ ነው። ያየ ዓይን እቤት ቀርቶ፣ ያላየ ዓይን ሸንጎ ይቀመጣል ማለት ነው። ባልየው ያየችውን ጠይቆ ሄዶ ከሆነ ይሁን፤ ካልጠየቀስ?

ስለዚህ ከሲናንጎዌ የምንማረው ድሮን መግዛትን ብቻ አይደለም። ድሮኑ መሣሪያ ነው፤ ከድሮኑ በፊት የቀደመው ስብሰባው፣ ደንቡና «እኔም እገባለሁ» ያለችው ሴት ናት። ለመመዝገብ አንድ ደብተርና አንድ ብዕር ይበቃል። ምንጩ የደረቀበት ቀን፣ ውኃው የደፈረሰበት ሰዓት፣ ዛፉ የተቆረጠበት ቦታ፣ ያዩት ሰዎች ስም ይጻፍ። እናት መጻፍ ባትችል ትምህርት ቤት የሚውለው ልጇ አለ፤ እርሷ ትንገረው፣ እርሱ ይጻፍላት። እንዲህ ያለው ደብተር ለልጁም ከማንኛውም የክፍል መልመጃ የማያንስ ትምህርት ነው። ዛሬ በየቤቱ የገባው የእጅ ስልክም ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ቀንና ሰዓቱንም ይይዛል። ለወሬና ለሠርግ ፎቶግራፍ የዋለው ስልክ ለወንዝ ቢውል የሚጎድልበት የለም።

ባሎችም ከዚህ የሚደርሳቸው ድርሻ አለ። ሚስት ለቅኝት ወይም ለስብሰባ ስትወጣ ልጅ የሚይዝ፣ እሳት የሚያነድ ሰው ያስፈልጋል። «ሂጂ» ብሎ ፈቅዶ ሥራውን ሁሉ ለማታ ማቆየት መፍቀድ አይባልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው ተረት ለቤት ውስጥ ሥራም የተነገረ መሆኑን አንርሳ።

200 ሰዎች ያሉባት መንደር 52 የወርቅ ፈቃዶችን አሰርዛለች። ይህን ያደረገችው ከሌላው የበለጠ ጉልበት ወይም ገንዘብ ኖሯት አይደለም። ውኃው ሲደፈርስ ያየ ሰው ዝም እንዳይል፣ የተናገረውም እንዳይረሳ ሥርዓት ስላበጀች ነው።

ነገ ማለዳ እንስራዋን ወይም ጄሪካኗን ይዛ ወደ ወንዝ የምትወርድ እኅታችን ውኃውን ቀና ብላ ትየው። የተለወጠ ነገር ካለም ለማን እንደምትነግርና የት እንደምታስጽፍ ከጎረቤቶቿ ጋር ዛሬውኑ ትምከር።

ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።